ባዶ ግቢን ወደ አገር በቀል የአትክልት ስፍራ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቱ ሲያልቅ ግንበኞቹ ትተውልኝ የሄዱት ግቢ ጠጠር፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪና በመኪና ጎማ የተደመደመ አፈር ነበር። ዝንብ እንኳ አያርፍበትም። ዛሬ አገር በቀል ተክል ተክዬበት የዱር እንስሳት መኖሪያ ሆኗል፤ ወፍ ይጣላበታል። ያየው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። በነገራችን ላይ፣ የዱር እንስሳት ስል አንበሳና ጅብ እንዳይመጣባችሁ። ወፍ፣ ቢራቢሮ፣ ንብ፣ እንሽላሊት፣ እንቁራሪት፣ ጥንዚዛ ማለቴ ነው።

አገር በቀል የሚባለው የትኛው ተክል ነው?

ሰው ሳያመጣው በአንድ አካባቢ የበቀለ፣ ከአየሩ፣ ከአፈሩና ከነፍሳቱ ጋር ብዙ ሺህ ዓመት አብሮ የኖረ ተክል ነው። "አገር" የሚለው ቃል ግን ትንሽ ያሳስታል። ተክል የአገር ድንበር አያውቅም። የሚያውቀው ከፍታን፣ ዝናብንና አፈርን ነው። የደጋ ዛፍ እዚያው አገር ውስጥ ቆላ ቢተከል እንግዳ ነው።

ባሕር ዛፍን ውሰዱ። አውስትራሊያ ውስጥ አገር በቀል ነው፤ ኮዋላ የሚባለው እንስሳ የሚኖረው በቅጠሉ ነው። ሌላ አህጉር ሲሄድ ግን ቅጠሉን ደፍረው የሚበሉ ነፍሳት ጥቂት ናቸው። ዛፉ ያው ነው፤ አብረውት ያደጉት ግን አልተከተሉትም። ጃካራንዳም የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው። በብዙ ከተሞች ጎዳና ላይ ከመለመዱ የተነሳ ሁሉም የራሱ ይመስለዋል።

መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም። አንዳንዱ ግን ነው። ላንታና ለአጥርና ለጌጥ ተብሎ ከአሜሪካ ሞቃታማ አካባቢዎች ወጣ፤ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በተኑት፤ አፍሪካን፣ እስያንና አውስትራሊያን ወረረ። ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ንቀሉ።

አበባ እስካለው ድረስ ምን ለውጥ አለው? መጤውም ላይ ንብ ያርፋል እኮ!

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሁላችንም የምናየው አበባውን ነው። ቁም ነገሩ ያለው ግን ቅጠሉ ላይ ነው።

ብዙ ንቦችና ቢራቢሮዎች ወለላ ለመምጠጥ ሲሆን ብዙም አያማርጡም። ልጅ ለማሳደግ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ተክል እንዲሁ ዝም ብሎ አይበላም፤ ቅጠሉ ውስጥ መራራ ወይም መርዛማ ነገር ያስቀምጣል። አብዛኛው ቅጠል በል ትል ሊቋቋም የሚችለው አብሮት የኖረውን ተክል ወይም የቅርብ ዘመዶቹን መርዝ ነው። የሰሜን አሜሪካዋ ሞናርክ ቢራቢሮ ጥሩ ምሳሌ ናት። ትሏ ሚልክዊድ የሚባሉትን ወተታም ተክሎች እንጂ ሌላ አይበላም። ግቢው በሌላ አበባ ቢጥለቀለቅ ሞናርኳ ወለላ ቀምሳ ትሄዳለች፤ ልጅ ግን አታሳድግበትም።

አሁን ወደ ወፏ እንምጣ። ጥራጥሬ ስትለቅም የምትውል ወፍ እንኳ ጫጩቷን የምታሳድገው በአብዛኛው በነፍሳት ነው። በተለይ ትል ለስላሳ ነው፤ ስብና ፕሮቲን አለው፤ ጉሮሮ አይከረክርም። (ርግብ ለየት ትላለች። ጉሮሮዋ ሥር ካለው የምግብ ከረጢት የምታመነጨውን ወተት መሳይ ነገር ነው ለጫጩቷ የምታጎርሰው።) ካሮላይና ቺካዲ የምትባል 10 ግራም ገደማ የምትመዝን የአሜሪካ ወፍ አለች። አንድ ዙር ጫጩቶቿን ለማሳደግ ከ6,000 እስከ 9,000 ትል ታመላልሳለች። ልብ በሉ፣ ለአንድ ጎጆ ብቻ! በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ የመኖሪያ ግቢዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ይህችኑ ወፍ ተከታትሎ ነበር። በግቢዎቹ ካለው ዕፅዋት አገር በቀሉ ከ70 በመቶ ሲያንስ ወፏ ራሷን መተካት አቅቷት ቁጥሯ ይቀንሳል። በሌላ በኩል የቀረው 30 በመቶ ለምትወዱት ጽጌረዳ ይበቃል። ያለውን ሁሉ ነቅላችሁ ጣሉ ያላችሁ የለም።

ስለዚህ እኔ የሰው ግቢ ስጎበኝ አበባ አልቆጥርም። ቅጠል እየገለበጥኩ አያለሁ። ቀዳዳ ካገኘሁ ደስ ይለኛል። አንድም ቅጠል ያልተበላበት ግቢ ለዓይን ያምራል፤ ለወፍ ግን ባዶ መሶብ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከመቀመጥ። የምሬን ነው። ወንበር አውጡና ፀሐይዋ ጠዋት የት እንደምታርፍ፣ ከሰዓት የት እንደምትጠፋ እዩ። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው የት እንደሚተኛ፣ ከጣሪያ ወርዶ በየት በኩል እንደሚሸሽ እዩ። ቢቻል አንድ ሙሉ የዝናብና የደረቅ ወቅት መከታተል ነው። እኔ አልታገስ ብዬ ሦስት ችግኝ በግንብ ጥላ ሥር ተክዬ ሦስቱንም መልሼ ቆፈርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ አፈሩን ፈትኑት። የመስታወት ብልቃጥ አንድ ሦስተኛውን አፈር አድርጉ፤ ውኃ ሙሉበት፤ ትንሽ የሳሙና ዱቄት ጨምሩና በደንብ ናጡት። በአንድ ደቂቃ ገደማ ታች የሚወርደው አሸዋ ነው። በጥቂት ሰዓታት የሚረጋው ደለል ነው። አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ውኃውን አደፍርሶ የሚቆየው ሸክላው ነው። ንጣፎቹን በዓይን ማየት ስለሚቻል ልጆች በጣም ይወዱታል።

ሁለተኛው ፈተና ጉድጓድ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበትና እስኪሰርግ ጠብቁ፤ ከዚያ ድገሙት። ሁለተኛው ውኃ በማግስቱም እዚያው ካለ አፈሩ አያሳልፍም ማለት ነው። አትታገሉት። እርጥብ መሬት የሚወድ አገር በቀል ተክል አለ፤ ቦታውን ለእሱ ስጡት።

አፈሩ ድንጋይ ሆኗል። ጥቁር አፈር በመኪና ላስመጣ?

እኔ አስመጥቼ ነበር። አፈሩ ያማረ ነበር፤ አብሮት የመጣው የአረም ዘርም እንደዚያው ያማረ ነበር። ሁለት ዓመት ስነቅል ኖርኩ።

አብዛኛው አገር በቀል ተክል የሰባ አፈር አይለምንም። እንዲያውም በማዳበሪያ ሲጠግብ ለስልሶ ያድግና ይጋደማል፤ አረሙም ይቀድመዋል። የሚያስፈልገው አፈሩ እንዲተነፍስ ነው። መጀመሪያ የሲሚንቶና የኖራ ፍርፋሪውን ልቀሙ፤ አፈሩን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል፣ ያንን የማይወድ ተክል ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ የታመቀውን በሹካ አካፋ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ፈልቅቁት፤ መገልበጥ አያስፈልግም። ላዩን በደረቅ ቅጠል አልብሱት። የቀረውን ሥርና የመሬት ትል ይሠራዋል። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን በነፃ ነው።

ሣሩንና አረሙን እንዴት ላጥፋ?

በካርቶን። ቀለም የበዛበትንና የሚያብለጨልጨውን ተዉት፤ ተራውን ቡናማ ካርቶን አንጥፉ። ጫፍ ለጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደራረብ፤ ክፍተት ካገኘ ሣር ይወጣል። በውኃ አርሱትና ላዩን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ ጫኑበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ካርቶኑ ይበሰብሳል፣ ከሥሩ ያለው ሣርም አብሮ። ፕላስተሩን ሳታነሱ እንዳታነጥፉ። እኔ ንቄው ይኸው እስከ ዛሬ ከአፈር ውስጥ የፕላስቲክ ክር እጎትታለሁ።

መቆፈር ለምን አይሆንም? ይሆናል፤ ግን አፈር ውስጥ የተኛ የአረም ዘር ብርሃን ሲያገኝ ይነቃል። ሌላው መንገድ በጣም ፀሐያማ በሆነው ወቅት ግልጽ ፕላስቲክ አልብሶ፣ ጠርዙን በአፈር ቀብሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማቆየት ነው። ሙቀቱ ዘሩን ይገድላል። ጠቃሚውንም ነፍሳት ስለሚገድል እኔ አልወደውም።

ምን ምን ልትከል?

ስም ዝርዝር አልሰጣችሁም፤ የእኔ አካባቢ ተክል ለእናንተ መጤ ሊሆን ይችላል። ይልቅ የሚታይበትን ቦታ ልንገራችሁ። በአካባቢያችሁ ማረሻና ግሬደር ያልደረሰበት ቁራሽ መሬት ፈልጉ። የወንዝ ዳር፣ ገደል፣ የቆየ መቃብር፣ የተከለለ ደን። እዚያ ማንም ሳያጠጣው የቆመው ተክል ነው የእናንተ ዕጩ። ፎቶ አንሱና ዕፅዋት ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። የዕፅዋት ማዕከልና ዕፅዋት አድርቆ የሚያስቀምጥ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ካለ እዳው ገብስ ነው። ሳይንሳዊ ስሙን ያዙ። የተለምዶ ስም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዳንዴም አንድ ስም ለሁለት ተክል ይሰጣል።

አተካከሉ በደርብ ይሁን። ከላይ ዛፍ፣ ከመሃል ቁጥቋጦ፣ ከታች ሣርና አበባ። ወፍ ከላይ ትዘምራለች፣ ከመሃል ትደበቃለች፣ ከታች ትለቅማለች። ቦታ ካላችሁ ገንዘቡን መጀመሪያ ዛፍ ላይ አውሉት፤ አንድ ትልቅ አገር በቀል ዛፍ የሚይዘውን ትል ያህል የአበባ መደብ አይዝም። አበባዎቹን ደግሞ አንዱ ሲረግፍ ሌላው እንዲተካ አድርጋችሁ ምረጡ። ድርብርብ ቅጠል አበባ ያላቸውን የተዳቀሉ ዓይነቶች ተጠንቀቁ። ብናኝ የሚሰጠው ክፍል ወደ ቅጠል አበባ ስለተለወጠ ንቧ ገብታ ባዶ እጇን ትወጣለች።

ምን ያህል ላራርቅ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ጃፓናዊው የዕፅዋት ሊቅ አኪራ ሚያዋኪ በጣም አቀራርቦ መትከልን አስተምረዋል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ችግኝ፣ የተለያየ ዓይነት ተደባልቆ። ለብርሃን ሲሽቀዳደሙ ቶሎ ያድጋሉ። ጥቅጥቅ ያለ የደን ጥግ ለሚፈልግ ግሩም ዘዴ ነው። ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣበት ቦታ ለሚፈልግ ግን አይሆንም፤ ጫካው መቀመጫውን ይወስደዋል።

ችግኝ ከየት ላግኝ?

ከችግኝ ጣቢያ ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። ዘሩ ከየት ተለቀመ? ምን መድኃኒት ተረጨ? ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች በሥር ገብተው እስከ ወለላውና ብናኙ ድረስ ይዘልቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ሦስቱን ከቤት ውጭ እንዳይረጩ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ለቢራቢሮ ብላችሁ የገዛችሁት ተክል ቢራቢሮዋን እንዲገድል አትፈልጉም።

ከጫካ ነቅላችሁ አታምጡ። አንዱን ቦታ አራቁቶ ሌላውን ማልበስ ነው የሚሆነው፤ ደግሞ አብዛኛው ይሞታል። ዘር ግን ባለመሬቱን አስፈቅዶ፣ ጥቂት ጥቂት ከብዙ ተክል መልቀም ይቻላል። የግራር ዓይነቶች ዘራቸው ጠንካራ ቆዳ ስላለው ውኃ አያስገባም። ውኃ አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱት፣ ዘሩን ጨምራችሁ እስኪቀዘቅዝ ተዉት፤ እዚያው ይደር። ጠዋት ያበጠው ተዘጋጅቷል። ያላበጠውን ድገሙት።

እንዴት ነው የሚተከለው?

ጉድጓዱ ከችግኙ አፈር ሁለት ሦስት እጥፍ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ግን እኩል። ጠልቆ የተተከለ ግንዱ ይበሰብሳል። ከረጢቱን ቀዳችሁ አውጡ፤ ሥሩ ዙሪያውን ከተጠመጠመ በምላጭ ቁረጡት፤ አይዟችሁ፣ አይሞትም። ካልተቆረጠ እየተጠመጠመ አድጎ ራሱን ያንቃል። ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። የመጀመሪያው ዓመት ውኃ ይፈልጋል። በየቀኑ ትንሽ ከመርጨት አልፎ አልፎ በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውኃውን ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል።

ስድስት ወር ሆነው፣ ምንም ለውጥ የለም። ሞቶ ነው?

አልሞተም። ሥር እየሠራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይተኛል፣ በሁለተኛው ይድሃል፣ በሦስተኛው ይሮጣል ይባላል፤ የእኔም ግቢ እንደዚያው ነው ያደረገው። ጥርጣሬ ካላችሁ ቅርንጫፉን በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ።

ተባይ በላብኝ! ምን ልርጭበት?

ምንም። ቅጠሉ እንዲበላ አይደል እንዴ የተከልነው?

ግን ጭንቀቱ ይገባኛል። አንድ ጊዜ የቁጥቋጦዬ ለጋ ጫፍ በሙሉ በክሽክሽ (የተክል ጭማቂ በሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ተሸፈነ። እጄ መርጫው ላይ ነበር። ከሳምንት በኋላ ቅጠሉ ላይ የሚያስፈራ ነገር አየሁ፤ ጥቁር፣ ቆዳው ሻካራ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ትንሽዬ አዞ የሚመስል። ልጨፈልቀው ስል አንዷን ክሽክሽ አንስቶ ሲበላ አየሁት። የዚያች ነጠብጣባም ቀይ ጥንዚዛ ልጅ ነበር። ብዙ ሰው ጥንዚዛዋን ይወዳል፣ ልጇን ግን ጠላት መስሎት ይገድላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክሽክሹ አለቀ። ረጭቼ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚሞተው አዞው ነበር፤ ክሽክሽ ደግሞ ቶሎ ስለሚራባ ጠባቂ በሌለበት ይመለሳል።

ችግኙ ገና ጨቅላ ሆኖ ትል ጨርሶ ሊያራቁተው ከሆነ በእጅ ለቅሞ ወደ ትልቁ ተክል ማዛወር ይቻላል። ፀጉራም አባ ጨጓሬ ከሆነ በእንጨት አንሱት፤ ያሳክካል።

እባብ አያመጣም? የወባ ትንኝስ?

እባብ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ አይመጣም ብዬ አልዋሽም። እባብ ግን አበባ ፍለጋ አይመጣም። የሚከተለው አይጥን ነው። የምግብ ትራፊ ግቢ ውስጥ አትጣሉ፣ ጥሬ ክፍት አታስቀምጡ። ቤቱ ዙሪያ ያለውን ጥቂት ሜትር አጭርና ግልጽ አድርጉት። የእንጨት ክምሩን ከበር አርቁት፤ ክምሩ ግን ይኑር፣ የበሰበሰ እንጨት ለጥንዚዛና ለእንሽላሊት ቤት ነው። መንገዱን ሰፋ አድርጉ። እጃችሁን ዓይናችሁ ባላየው ቦታ አትክተቱ።

ትንኝ የሚራባው በቆመ ውኃ ነው። በሞቃት አየር ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ለወፍ የምታስቀምጡትን ውኃ በየሁለት ሦስት ቀኑ ደፍታችሁ ቀይሩት፣ በቃ። ሳህኑ ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ንብ ቆማ እንድትጠጣ መሃሉ ላይ ድንጋይ አድርጉ። ብዙውን ጊዜ ትንኙ የሚመጣው የተረሳ ጎማና ባልዲ ውስጥ ካለው ውኃ ነው።

ንብ ልጆቼን ይነድፋል ብዬ እፈራለሁ።

በዓለም ላይ የሚታወቁት የንብ ዓይነቶች 20,000 ያህል ናቸው። አብዛኞቹ ቀፎ የላቸውም፤ እያንዳንዷ እናት ብቻዋን ትኖራለች። የምትከላከለው መንጋና ማር ስለሌላት ካልጨበጧት በቀር አትነድፍም። ወንዱ ደግሞ ጨርሶ መንደፊያ የለውም። አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን የአበባውን መደብ ከበርና ከመጫወቻው አርቁት።

ከብቸኞቹ ንቦች አብዛኞቹ የሚቀብሩት እንቁላላቸውን መሬት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቦታ በጉዝጓዝ አትሸፍኑ። ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ አንድ ምንጣፍ የሚያህል ባዶ አፈር ተዉላቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ቅጠል ላይ በኮምፓስ የተሠራ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አየሁ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ግራጫማ ንብ መጣች፤ የቅጠሉን ጠርዝ በእግሮቿ ቆንጥጣ በመንጋጋዋ እንደ መቀስ ዞረችበት። በጥቂት ሰከንድ አንድ ክብ ቁራጭ ወደቀላት፤ ከሆዷ ሥር ጠቅልላ ይዛው በረረች። የልጇን አልጋ ልታነጥፍ ነው። ጎረቤቴ በዚያው ሳምንት ያንኑ ቀዳዳ አይቶ "በሽታ ነው" ብሎኝ ነበር።

ጎረቤት "ጫካ አደረግከው" ይለኛል።

ይላል። ሰው የሚጠላው ጫካውን ሳይሆን የተረሳ መምሰሉን ነው። ጠርዙን አስተካክሉ። መንገዱን በድንጋይ ክበቡ፣ በአጥሩ ዳር ያለውን ሣር አንድ ክንድ በሚያህል ስፋት አሳጥሩ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጡ። ውስጡ እንደፈለገ ይሁን። ቁጥቋጦውን ስትቆርጡ ግን ሁሉንም ከሥሩ አታጭዱ፤ ደረቅ አገዳው ውስጥ የሚያድሩ ንቦች አሉ።

ያለኝ በረንዳ ብቻ ነው።

አንድ ትልቅ ማሰሮ፣ አንድ አገር በቀል ቁጥቋጦ፣ አንድ ሳህን ውኃ። ቢራቢሮ ፎቅ ትወጣለች።

ተክሉ ደረሰ። ሌላ የረሳሁት ነገር አለ?

መብራቱ። ነጭ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ የእሳት እራት ስትዞረው ታድርና ደክማ ትወድቃለች፤ ያቺው ናት ለወፏ ትል የምትፈለፍለው። ወደ ቢጫ ቀይሩት፣ ወደ ታች አዙሩት፤ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ትልቅ መስታወት ካላችሁ በውጭ በኩል በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጥብ ለጥፉበት፤ ወፍ መስታወት ላይ የሚታያትን ዛፍ እውነተኛ መስሏት ትጋጫለች።

ድመትም አለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ግምት በአሜሪካ ብቻ ድመቶች በዓመት ቢያንስ 1.3 ቢሊዮን ወፍ ይገድላሉ ይላል። የእኛዋ ሰነፍ ናት ብዬ እፎክር ነበር፤ አንድ ቀን በር ላይ ላባ ጠበቀኝ። አሁን ጫጩት በሚፈለፈልበት ወቅት ቤት ውስጥ ትውላለች። በመስኮት እያየች ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች።